የአረንጓዴዋ ፒክአፕ ሞላና አቶ አዴላይዶ ሮይባል

«የተሰበረው የፒክአፕዋ ሞላ ላይ የእሳት ምልክት አለ። በእሳት የነካው ማነው?» ሲል ፖሊሱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1996፣ የስቅለት ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ልጄ ዙሌማ ከበሩ ወዲያ ተኝታለች።

«አላውቅም» አልኩት። እውነትም አላውቅም ነበር። በማግስቱ ግን ስም ጠራሁ። የጠራሁት ዛሬ የምንሸኛቸውን የባለቤቴን ታናሽ ወንድም፣ የአቶ አዴላይዶ ሮይባልን ስም ነው። ስለዚህ ታሪካቸውን መጻፍ ያለብኝ እኔ ኤልፊዳ ነኝ።

አቶ አዴላይዶ ከአባታቸው ከአቶ ሴፌሪኖ ሮይባልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤውላሊያ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1951 በዚሁ በመንደራችን በትሩቻስ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚሁ ተማሩ። ከዚያም ወደ ኤስፓኞላ ከተማ ወርደው በአጎታቸው ጋራዥ ሙያ ለመዱ። በ1974 ከወንድማቸው ከባለቤቴ ከኦኖፍሬ ጋር ከቤታችን ጎን የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1975 ዙሌማ ስትወለድ ክርስትና አነሷት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ልማድ የልጅ እናትና የክርስትና አባት እንደሚጠራሩት፣ እሳቸው እኔን «ኮማድሬ»፣ እኔም እሳቸውን «ኮምፓድሬ» እንል ነበር።

የድሮ ፒክአፕ ፊቱን ለውበት ዝቅ ማድረግ በሸለቆው ውስጥ እንደሳቸው የሚያውቅበት አልነበረም። ሞላውን አውጥተው በብረት መጋዝ ይቆርጣሉ፤ ግማሽ ዙር ብቻ። ይመልሱታል፤ መኪናዋን መሬት ላይ ያሳርፋሉ፤ ይለካሉ። ካልበቃቸው እንደገና ያወጡታል። የሲጋራ ፓኮ አቁመው የፊት መከላከያው ሳይነካው ካለፈ ሥራው አለቀ። ደንበኛ ቢቸኩልባቸው «መኪናህን ነው ወይስ አንገትህን ነው የማሳጥርልህ?» ይሉት ነበር። ሞላን በእሳት አሙቆ ማሳጠር አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ብረቱ ግን ጉልበቱን ያጣል፤ አንድ ቀን ይሰበራል። እሳቸው ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኔም እንደሚያውቁ አውቅ ነበር፤ ሆኖም ጠረጠርኳቸው።

በመንደራችን ከጸሎተ ሐሙስ ቀትር እስከ ትንሣኤ ብረት አይቆረጥም፣ አይመታም፤ ጌታ የተቸነከረው በብረት ነውና። ዙሌማ ደግሞ ዓርብ ወደ ቺማዮ ቤተ ክርስቲያን በእግር ለሚወርዱት ተሳላሚዎች ውሃ የምትጭነው በ1966 ሞዴል አረንጓዴ ፒክአፕዋ ነበር። ፊቷ ዝቅ ብሎላት እንድትነዳት ቃል ተገብቶላት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሥራው ገና አልተጀመረም። የቀትሩ ደወል ሲደወል በጋራዡ በር አለፍኩ፤ ፒክአፕዋ ዝቅ ብላ ቆማለች፤ አቶ አዴላይዶ የብየዳ እሳቱን የጋዝ ቱቦ እየጠቀለሉ ነው። ኦኖፍሬ በቦታው አልነበሩም። በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ሞላው ተሰበረ፤ ፒክአፕዋ ከድንጋይ ጋር ተላተመች፤ የልጄ ዳሌ ተሰባበረ።

ኦኖፍሬን ጠየቅኳቸው። «እኔ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ወጥቻለሁ» አሉኝ። አቶ አዴላይዶን ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው።

«ኮምፓድሬ፣ ቱቦውን ስትጠቀልል አይቼሃለሁ።»

«አይተሻል፣ ኮማድሬ።»

«ሌላ የምትለኝ የለም?»

«የለም።»

ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ይህ በቃኝ። ለፖሊሱም፣ ለቄሱም፣ ውሃ ሊቀዱ ለመጡትም ነገርኩ። በዘጠነኛው ቀን ልብሳቸውን በአንድ ሻንጣ ይዘው ወደ ፑብሎ፣ ኮሎራዶ ሄዱ። ንጹሕ ሰው አይሸሽም አልኩ። ኦኖፍሬ ከዚያ ወዲህ የብየዳ እሳት በእጃቸው አለመያዛቸውን አይቻለሁ፤ ይህንንም ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

አቶ አዴላይዶ በፑብሎ በጋራዥ ተቀጥረው ሠሩ። በ1998 ወይዘሮ ቤኒታን አገቡ፤ ልጅ አልወለዱም። በ1999 ከባድ ሣጥን ላኩልን። በውስጡ ሁለት አዲስ አጭር ሞላዎች ነበሩ፤ ተሠርተው የመጡ እንጂ መጋዝም እሳትም ያልነካቸው። ከነሱ ጋር አንዲት ወረቀት ነበረች። «ምን ይላል?» ብዬ ኦኖፍሬን ጠየቅኩ፤ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበርና። «ደረሰኝ ነው» አሉኝ። ጥፋተኛ ሰው የላከው መደለያ ነው ብዬ ሣጥኑን አልነካሁም፤ ጋራዡ ውስጥ ቀረ። ወረቀቷን ግን አልጣልኳትም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከተትኳት።

በ2017 በኤስፓኞላ ቤተ መጻሕፍት የጎልማሶች ትምህርት ጀመርኩ። በተከታዩ ዓመት ወረቀቷን አወጣሁ። ፊደሎቹን እየቆጠርኩ አነበብኳት። «ወንድሜ፣ እነዚህን አድርግላት። እሳት ሁለተኛ እንዳታስጠጋ። ለኤልፊዳ እስካሁን አልነገርካትም?» ይላል።

ኦኖፍሬ ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። «ይሄ ደረሰኝ አይደለም» አልኳቸው።

«ማን አነበበልሽ?»

«ራሴ።»

ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። «ደወሉ ሊደወል ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው፤ በመጋዝ አይደርስልኝም ነበር» አሉ።

ያንኑ ቀን ፑብሎ ደወልኩ። አቶ አዴላይዶ ድምፄን ወዲያው ለዩት። «ኮማድሬ፣ ዙሌማ እንዴት ትራመዳለች?» አሉ።

«በከዘራ። እሳቱን የያዘው ማን ነበር?»

«እኔ ስደርስ መኪናዋ በጎማዋ ቆማለች፤ እሳቱ የዛገ ቡሎን ለማላላት መስሎኝ ቱቦውን ሰበሰብኩ። የሆነውን ከአደጋው በኋላ ከራሱ ከኦኖፍሬ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ልጅቷ በነቃች ቁጥር አባቷን ነበር የምትጠራው። አንዳችን መሄድ ነበረብን። የኔ ሻንጣ ደግሞ ቀላል ነበር» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለትንሣኤ መጡ። የተላኩትን ሞላዎች በ2019 ከዙሌማ ጋር ሆነው ከአደጋው ወዲህ ቆማ በነበረችው በአረንጓዴዋ ፒክአፕ ላይ ገጠሙ። ኦኖፍሬ መብራት ያዙላቸው። የመንደሩ ሰው ግን አቶ አዴላይዶን ሲያይ ያኔ በእኔ አፍ የሰማውን እያሰበ ራቅ ብሎ ይቆም ነበር። እኔም ወረቀቷን ለማንም ሳላሳይ አራት ትንሣኤ አሳለፍኩ። ፈርቼ ነው።

አቶ አዴላይዶ በሳንባ ሕመም ለአንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2023 በ71 ዓመታቸው በፑብሎ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቤኒታ፣ የክርስትና ልጃቸው ዙሌማና ወንድማቸው ኦኖፍሬ ከኋላቸው ቀርተዋል። ኦኖፍሬ ይህን እንድጽፍ ፈቅደዋል፤ ሲነበብም ቆመው እንደሚሰሙ ነግረውኛል።

በሐሰት የተሸከሙትን ስም ዛሬ ከላያቸው አውርደናል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አቅልሎ ይቀበልልን።

በዚያ ኤፕሪል ከትሩቻስ የሄዱት ምንም ያላጠፉት አዴላይዶ ናቸው። የቀረነው እኔና ኦኖፍሬ ነን።