ከኮሌታው ሥር የተሰፋ ቁጥር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

አርባ ሁለት የተማሪ ቀሚስ ዘመዘምኩ። ወገቤ ተቆረጠ። አባዬ ማሪምባ ሊቃኝ፣ የሚመቱትን የእንጨት ጣውላዎች ሊሞርድ፣ ከከተማ ውጭ ሚክስኮ ሄዶ ዋለ፣ በሁለት አውቶቡስ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ሞባይል ግን አልይዝም ብሏል። "ይሄን ሁሉ ዘመን ያለ ስልክ ወጥቼ ስገባ አልነበር?" ይላል። መታወቂያውን እንኳ ሌባ ይወስድብኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚወጣው።

አሥር ሰዓት እመጣለሁ ያለ ሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ገባ። ፊቱ ገርጥቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኳርህ ወርዶ ነው? አልኩት። "ራበኝ እንጂ ምን ሆንኩ!" ሁለት ብርጭቆ የበቆሎ አጥሚት በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ።

መንገድ ላይ ቢወድቅስ? ማን ነው ይሉታል? ለማን ይደውላሉ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

አገኘሁት! ስሙንና ስልኬን በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር ጠልፌ ከኮሌታው ሥር እሰፋለታለሁ። ወረቀት ቢሆን ዝናብ ያጠፋዋል፣ ቦርሳ ቢሆን ይሰረቃል። የለበሰውን ሸሚዝ ግን ማን ይወስድበታል? አምና አንዲት ሴትዮ ፌርማታው ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ... የአምቡላንስ ሰዎች መጀመሪያ የከፈቱት ኮሌታዋን ነው።

አባዬ ሳቀብኝ። "ሻንጣ አደረግሽኝ እንዴ? ማን ሊረከበኝ ነው?"

"እኔ ነኛ!"

"እንግዲያው 'ተሰባሪ ዕቃ' ብለሽ ጨምሪበት።"

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ጎረቤቴ ዶኛ ኤሉቪያ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ ይዛልኝ መጣች። ጥልፉን አነበበች። ክሪሳንቶ፣ ስኳር አለበት፣ ልጁ ኦዲሊያ፣ ከነስልኬ። ጮኸችብኝ።

"አብደሻል አንቺ? ስሙንም ስምሽንም? ለወሮበሎቹ በሳህን አቀረብሽላቸው እኮ! ነገ ደውለው 'ዶን ክሪሳንቶ አደጋ ደርሶበታል፣ ቶሎ ገንዘብ ላኪ' ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?"

እውነቷን ነው። እህቷን ልጅሽ ተገጭቷል ብለው ሲያስለቅሷት፣ ልጇ ጓዳ ቁጭ ብሎ ባቄላውን ይበላ ነበር። እዚህ ከተማ ስልክ "አደጋ" ካለ ይዘጋል። ለአባዬም ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው፤ የቤቱ ስልክ ሲጮህ ድምፁን ካላወቅክ ዝጋው። ዶኛ ኤሉቪያ አንድ ዘዴ ጨመረችልኝ። "ተጎዳ የሚሉሽን ሰው ስም ጠይቂ። የደወለው ካላወቀ አታላይ ነው።"

የስሞቹን ጥልፍ በመቀስ ፈታሁ። የቀረው "ስኳር አለበት፣ ይደውሉ" እና ቁጥሬ ብቻ። በአምስቱም ሸሚዞቹ ላይ ሰፋሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

"ኮሌታዬ ያሳክከኛል" አለ። ያሳክከው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ረፋዱ ላይ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር። ወንድ ነው፣ ያለከልካል፣ ከጀርባው የመኪና ጩኸት።

"እመቤቴ፣ ቤተሰብ ነዎት? አንድ ሽማግሌ ሰው መንገድ ላይ ወድቀው..."

ከወንበሬ ተነሣሁ። ግን ምክሩን አልረሳሁም። "ስሙ ማነው?"

"አላወቅንም፣ አይናገሩም። ግን ቁጥርዎ..."

ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። "ሂድና ሌላ ሞኝ ፈልግ!" አልኩና ቁጥሩን አገድኩት። ዶኛ ኤሉቪያ ጋ ሄጄ ነገርኳት። "ጎበዝ!" አለችኝ። ኮራሁ እንኳ።

አሥራ አንድ ሰዓት። አባዬ አልመጣም። ዝናብ ይዞት ይሆናል።

አሥራ ሁለት ተኩል። ዝናብ የለም። ዛሬ ማሪምባ ሊቃኝ የሄደበት ቤት ደወልኩ፤ ጭራሽ አልደረሰም አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ... ሰውየው ምን ነበር ያለው? "ግን ቁጥርዎ" ነው ያለው። ቁጥሬ ምን?

ኮሌታው።

አርብ፣ ኦክቶበር 24

አለ። በሕይወት አለ።

ትናንት ያገድኩትን ቁጥር ከፍቼ ስደውል ያው ድምፅ አነሣ። ማይኖር ይባላል፣ በአምቡላንስ የሚሠራ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። በራሱ ስልክ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሮኛል። የሰደብኩትን አላነሣብኝም። "ስኳር አለበት የሚለውን ባናይ ኖሮ ሰክረው ነው ብለን ነበር" አለኝ። እዚያው አስፋልት ላይ ነው ግሉኮስ የሰጡት።

ሆስፒታል ስደርስ፣ ገና ሳይነቃ አልጋው ላይ የለጠፉት ወረቀት "ስሙ ያልታወቀ ወንድ፣ ሰባ ገደማ" ይላል። ሰባ ሦስት ዓመት ስም የነበረው ሰው! ስሙን በመቀስ የፈታሁት እኔ ነኝ። ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሯል።

"አታነሣም አሉኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"አላነሣሁም አባዬ።"

"ሻንጣው ተረካቢ አጥቶ ዋለ በይኛ።"

ሊያስቀኝ ነበር። አለቀስኩ፣ ነርሷ እስክትቆጣኝ። ዶኛ ኤሉቪያን ልወቅሳት አሰብኩ... ግን መቀሱ የማን እጅ ላይ ነበር?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ቤት ገባን። ዛሬ ሦስት የማላውቀው ቁጥር ደወለ፣ ሦስቱንም አነሣሁ። አንደኛው ማስታወቂያ። ሁለተኛው ዝም ብሎ ዘጋ። ሦስተኛው እውነተኛ አታላይ፤ አባትሽ ተገጭቷል፣ ገንዘብ ላኪ ይለኛል። አባዬ ፊት ለፊቴ በግራ እጁ ሾርባውን እየደፋ ነው። እሱን እያየሁ እንኳ ላብ አጠመቀኝ። እስኪጨርስ ግን ሰማሁት። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ... ልደንግጥ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

አዲሱን ጥልፍ ጨረስኩ። ስሙ አለ፣ ስሜ አለ። ከሥሩ ደግሞ "ልጁ እንድታምናችሁ 'ተሰባሪ ዕቃ' በሏት" ይላል። ቃሉን የመረጠው እሱ ነው። ዶኛ ኤሉቪያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ "ለኔም ሥሪልኝ" አለች።

አባዬ ሞባይል ገዛ። በራሱ! ግዴለም ለጊዜው ነው ይላል።

ጨርቅ ልገዛ ማክሰኞ ማክሰኞ መሀል ከተማ የምሄደው እኔም ነኝ እኮ። እስከዛሬ አስቤው አላውቅም። ለራሴም አንድ ጠልፌ ከኮሌታዬ ሥር ሰፋሁ፤ ኦዲሊያ፣ ከዚያ የአባዬ አዲሱ ቁጥር። መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳከረ። ከዚያ ስልኩን እንደ እንቁላል በመዳፉ ይዞ ቀና አለ።

"የማላውቀው ሰው ቢደውልስ? 'ዝጋው' ብለሽ ነበር ያስተማርሽኝ።"

"አንሣው አባዬ። እስኪጨርስ ስማው።"