ጆንያውን የምገልጠው እኔ ነበርኩ

ታዴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ያንተን ጤና ግን ከእንግዲህ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም። የኔን ልንገርህ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ቁጭ ማለት ግን አቅቶኛል። ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ፤ ይህን ወረቀት እንኳ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተመልሻለሁ። አንዴ ውሃ ልጠጣ፣ አንዴ በሩን ልይ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ጠፍቶኝ። ድሮም "አንቺ ሴት፣ ወንበሩ ይወጋሻል እንዴ?" ትለኝ ነበር። ብሶብኛል።

ቤቱ እንዳለ ነው ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ልጃችን ሜሮን ለቀብርህ መጥታ፣ ከመመለሷ በፊት ልብስህን ሰብስባ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ ጫማዎችህን ግን ደብቄ አስቀርቻለሁ። መኪናህ ተሸጠች። እኔ ዛሬም በዚያችው በአሮጌዋ መኪናዬ ከሰፈራችን ከዌስት አዳምስ እስከ ዌስትቼስተር እየነዳሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ገብቼ አንሶላ አጥፋለሁ። ከጎናችን ያለውን ቤት የገዙት ሰዎች ትልቁን ዛፍ ቆርጠውታል። አንተ "ጥላው በነጻ ነው" የምትለው ዛፍ ሄዶ፣ ግቢያችን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ብቻ ሆኗል።

ጥቅምት ላይ አርባ የቱሊፕ አበባ ሥር ገዛሁ። አንተ "ሥር" ትላቸዋለህ፤ እኔ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ነው የምላቸው፣ ልጣጫቸውም መልካቸውም ያው ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው በመከር ወራት ይተከሉ ይላል። ያ ግን በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው፤ እዚህ ሎስ አንጀለስ ጥቅምት ማለት የበረሃ ነፋስ የሚነፍስበት ወር ነው፣ ቱሊፕ ደግሞ ብርድ ሳይነካት አታብብም። ስለዚህ አንተ እንደምታደርገው ፍሪጁ ውስጥ፣ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ አስገባኋቸው። ፖም አጠገባቸው ከዋለ ያበላሻቸዋል እያልክ በየዓመቱ ትጮህ ስለነበር ፖም መግዛቱንም ተውኩት። እነሱ ብርዳቸውን እየጠጡ እኔ መደቡን ቆፈርኩ። መሬቱ በበጋው ደርቆ አልገባ ብሎኝ ሁለት ቀን ውሃ አጠጣሁት፤ ከዚያ ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ፣ በእጄ እያፈረስኩ አለሰለስኩት። ጀርባዬ ለሳምንት አልቀና ብሎኝ ነበር።

አንተ የመትከያውን ቀን የምትቆጥረው ግን ከጥቅምት ተነስተህ አልነበረም፤ ከፋሲካ ተነስተህ ወደ ኋላ ነበር። አባትህ በልጅነትህ ባስተማሩህ ባሕረ ሐሳብ መጀመሪያ ነነዌን፣ ከዚያ ዐቢይ ጾምን፣ ከዚያ ፋሲካን ታገኛለህ። ከፋሲካ ወደ ኋላ መቶ ቀን ትቆጥርና "የምንተክለው በዚህ ቀን ነው" ትላለህ። ተክለህ ስታበቃ አፈሩ እንዳይሞቅ ጭድ ታለብሰዋለህ፤ በጭዱ ላይ ደግሞ ቡና ከሚያስመጣው ወዳጅህ የለመንከውን ጆንያ። ጆንያው የሚነሳው ጾሙ ሲጋመስ፣ ደብረ ዘይት እሑድ ነው። ይህ ሁሉ ለፋሲካ ዋዜማ ቀይ አበባ ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት። አበባን ቀጠሮ የሚያስይዝ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም።

አራት ዓመት ተከልክ። በአራቱም ዓመት አበባው ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ሙሉ ቀደመህ። በጾሙ መካከል ፈንድቶ ሆሣዕና ላይ ይረግፋል፤ ለፋሲካ የሚተርፍህ ባዶ ዘንግ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለው ምግብ ቤት የኋላ ክፍል የወሩ ማኅበራችን ሲሰበሰብ፣ ገና በሩን ሳታልፍ ጋሼ ወልዴ "ታደሰ! አበባህ ዘንድሮም ጾም ገደፈች አሉ፤ ንስሐ አስገባት እንጂ!" ይሉሃል። እሳቸው የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸውና እሳቸው ሲስቁ ሁሉም ይስቃል። ሌላው ከወዲያ ሆኖ "ጋሼ፣ የታደሰ ካልኩሌተር ባትሪ ጨርሷል፣ ቼንጅ መደረግ አለበት" ይላል። አንተም አብረህ ትስቃለህ። እኔም እስቅ ነበር።

ከዚያ በፊት እኮ መስከረም ሲጠባ ስልክ የሚደወለው ላንተ ነበር። ጾም መቼ ይገባል፣ ሰርግ መቼ እንቁረጥ፣ ፋሲካ ከልጆቹ ስፕሪንግ ብሬክ ጋር ይገጥማል ወይ እያሉ ይጠይቁሃል፤ ዓይንህን ጨፍነህ፣ በጣትህ አንጓ ቆጥረህ ትመልስላቸዋለህ። ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ግን ለደወለው ሁሉ "ስልካችሁ ላይ ካላንደር አለ አይደል? እሱን እዩ" ማለት ጀመርክ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ታዴ፣ ቆጠራህ አልተሳሳተም። ጆንያውን በየቀኑ የምገልጠው እኔ ነበርኩ።

አንተ ገና ጎህ ሳይቀድ ሳንታ ሞኒካ ፓርኪንጉ ሥራህ ትሄዳለህ፤ እኔ እስከ ስምንት ሰዓት ቤት ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መደቡ ላይ ስትወጣ ወጥቼ ጆንያውን እጠቀልላለሁ፣ ጭዱን በእጄ ገለል አደርጋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ወጡ? አልወጡም። ትንሽ ፀሐይ ቢያገኙ ይበረታሉ ብዬ እንደተገለጡ እተዋቸዋለሁ። ሥራ ልሄድ ስል መልሼ አለብሳቸዋለሁ፣ ጭዱንም እንደነበረ አስተካክላለሁ። ብነግርህ እንደምትከለክለኝ ስለማውቅ አልነገርኩህም። ክፋት አልነበረበትም። ተሸፍኖ የተቀመጠ ነገር ሳላየው መዋል ስለማልችል ነው፤ አንጀቴም አይችልልኝም ነበር፣ ብርድ የበላቸው ይመስለኛል።

ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። የቲማቲም ችግኝ ልገዛ ሄጄ፣ የባሌ ቱሊፕ ለምን እንደሚቸኩል ሻጩን ሽማግሌ ጠየቅኩት። እንግሊዝኛውን ከስፓኒሽ እየቀላቀለ አስረዳኝ፤ አፈሩ ከሞቀ ይቸኩላሉ፣ መሸፈን አለባቸው አለ። "እሱማ ሸፍኖታል" አልኩት። "ታዲያ ማነው የሚገልጠው?" አለኝ። ሰውዬው ስለኔ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንዲሁ ነው የጠየቀው። ችግኙን ሳልገዛ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተህ ተቀምጠሃል። መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ ከንፈርህ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትሰርዛለህ። ቀና ብለህ "ፋሲካው ልክ ነው። ከፋሲካ ወደ ኋላ ያለው ነው የሚጠፋብኝ" አልከኝ። ቀጥለህም "አባቴን የጀመራቸው እንዲህ ነበር" አልክ። አባትህ በመጨረሻ የልጆቻቸውን ስም እስከ መርሳት ደርሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ አንተም አጠገባቸው ሆነህ አይተሃል። የፈራኸው እሱን ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ፍርሃትህ እዚያው ያበቃ ነበር። ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ጊዜ ነበረኝ። አንድ ቀን ሳቅ ብለህ ስላየሁህ ሳቅህን ላላበላሽ ብዬ ተውኩት። ሌላ ቀን ደክሞህ ነበር። ሌላ ቀን እኔ ፈራሁ። ሐምሌ ላይ ልብህ በድንገት ቆመ። በአርባህ ዕለት አንዲት ሴት ልታጽናናኝ ብላ "ቢሆንም ሳይሠቃይ ሄደ፤ እንደ አባቱ መርሳት ጀምሮት ነበር አይደል?" አለችኝ። እንዲህ ነው ስላንተ የሚወራው ማለት ነው። እኔ ግን እዚያም ዝም አልኩ።

ስለዚህ ዘንድሮ የተከልኩት አበባ ናፍቆኝ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ የሠራሃትን ወረቀት አውጥቼ፣ የዘንድሮውን ፋሲካ፣ የመትከያውንና የጆንያውን ቀን አገኘሁ። የገና በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንተ በጻፍከው ቀን፣ አርባዎቹንም ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ አንድ ስንዝር ጥልቀት ከተትኳቸው። ጭዱን አለበስኩ፣ ጆንያውን አነጠፍኩ፣ አራት ማዕዘኑን በድንጋይ አስያዝኩት። ለፋሲካ ሲፈነዱ ታቅፌያቸው ማኅበሩ ፊት ልገባ ነበር ሐሳቤ። አያችሁ፣ ታደሰ አልተሳሳተም ልላቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቀን እንዴት እንደገፋሁት አትጠይቀኝ። ምድጃውን ፈታትቼ አጠብኩ። ያልቆሸሸ መጋረጃ አውርጄ አጥቤ ሰቀልኩ። አንድ ጠዋት ከቤት ልራቅ ብዬ በባቡር ሳንታ ሞኒካ ድረስ ሄጄ፣ ባሕሩን ሳላይ በመጣሁበት ባቡር ተመለስኩ። ዝናብ የጣለ ዕለት ጃንጥላ ይዤ መደቡን ስዞር አዲሶቹ ጎረቤቶች በመስኮት ሲያዩኝ ነበር። ምን እንዳሉ እንጃ።

ባለፈው ሐሙስ አቃተኝ። ድንጋዩን አነሳሁና ጆንያውን አንድ ክንድ ያህል ገለጥኩት። ነጣ ያሉ ጫፎች ጭዱን በስተው ወጥተዋል። መደሰት ሲገባኝ ደነገጥኩ። ዛፉ ስለሌለ ፀሐይዋ በቀጥታ አረፈችባቸው። መልሼ ሸፈንኩ፤ ግን ስንት ደቂቃ ገልጬ እንደቆምኩ አላወቅኩም። ቢቸኩሉስ? በኔ እጅ ቢቸኩሉ፣ ሰዎቹ ወረቀቱም ስህተት ነበር ሊሉ ነው።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ። እኔ አፍ እያለኝ፣ አበባ ይመስክርልህ ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ቢሳካልኝ አንተ ነጻ ትወጣለህ፤ የኔ ጥፋት ግን ሳይነሳ ተከድኖ ይቀራል። ያሰብኩት ይህን ነበር ታዴ፤ ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

መጀመሪያ ለሜሮን ደውዬ ነገርኳት። "ማሚ፣ ሶ ዋት? አባቢ ቢሰማ ላፍ ነው የሚያደርገው፤ ለምን ራስሽን ስትረስ ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትስቅ ነበር። አንተ እኮ ሰው ሲስቅብህም ስቀሃል። እሱ ነው ያላስቀመጠኝ።

ትናንት ምኩራብ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ወሬ ሊጀምር ሲል ቆምኩ። "ታደሰ መርሳት አልጀመረውም" አልኳቸው። "በቆጠረው ቀን ይተክል ነበር፣ በቆጠረው ቀን ጆንያውን ያነሳ ነበር። ከኋላው እየሄድኩ በየቀኑ የምገልጠው እኔ ነኝ። ካወቅኩ በኋላም አልነገርኩትም። ራሱን እንደተጠራጠረ ሞተ።"

አጠገቤ ያለችው ሴት "አይዞሽ የሺዬ፣ ይቺ ደግሞ ምን አላት" ብላ ልታስቀምጠኝ እጄን ሳበችኝ። አልቀመጥም አልኳት። ጋሼ ወልዴ ከወንበራቸው ተነሱ። "አንቺ ሴትዮ! እኔ አራት ዓመት ሙሉ ስቀልድበት አጠገቡ ተቀምጠሽ አልነበረም? አብረሽን ስትስቂ አልነበረም?" ብለው ጮኹብኝ። ሰው "ጋሼ፣ ተዉ በቃ፣ ካልም ዳውን ያድርጉ" ቢላቸው "ተዉኝ! ያ ሰው እኮ ከሁላችንም የተሻለ አእምሮ ነበረው! ምን አድርጌው ነው የሞተው?" አሉና እንባቸው መጣ። ኮፍያቸውን አንስተው፣ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ደስ አለኝ ታዴ። ስምንት ወር ሙሉ ያየኝ ሁሉ ሲያጽናናኝ ከርሞ፣ ላንተ ብሎ የተቆጣኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እስከ መኪናቸው ተከትዬ ሄጄ፣ አንተን የምጠይቅህን ይቅርታ እሳቸውን ጠየቅኳቸው። በሩን ዘግተው ሄዱ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩላቸው፤ አላነሱም። ነገም እደውላለሁ።

ጆንያው እንደተሸፈነ ነው፤ ደብረ ዘይት ሁለት እሑድ ቀርቶታል። እኔ አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም። አበቦቹ ለፋሲካ ይፈንዱ፣ ቀድመው ይፈንዱ፣ ጭራሽ ይቅሩ፤ ስምህን ከእንግዲህ እነሱ ላይ አላንጠለጥልም። ስላንተ የጠየቀኝ ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን መንገደኛ፣ ታደሰ እስከ መጨረሻዋ ቀኑ አእምሮው ሙሉ ነበር ብዬ እነግረዋለሁ፤ ያጠፋሁትንም ሳልደብቅ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንተን ሳስታውስ እሱንም ጭምር አስታውሳለሁ፤ አንዱን ትቼ ሌላውን አልይዝም።

ያንተዋ የሺ