ለክብሬ የታረደው ወይፈን

ሐምሌ 4

ዛሬም ያው ነው። ጠዋት ከተራራ የመጣ የሞተ ፈረስ ጆሮ ለምርመራ ቆራረጥኩ፣ ከሰዓት በኋላ አይጦች ገደልኩ፣ በመሃል ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተሰዳደብኩ። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ እንደገና ሞቷል። ናሙናው ቢበላሽ ማን ሊጠየቅ ነው? እኔ። በቡጢ ደበደብኩት። ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው… ለሰውዬውም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ደወለ። "ዶክተር ዙራካን፣ እንኳን ደስ አለዎት! በሰውና በእንስሳት ጤና ምርምር ዕድሜያቸውን ለሰጡ ሰዎች የሚሰጠው ሜዳሊያ ዘንድሮ የእርስዎ ሆኗል።"

ሜዳሊያ! ኦሽ ከተማ፣ እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ተቀብሬ አባ ሰንጋን ሳሳድድ ጥርሴ አለቀ። አሁን ነው የታየኋቸው?

"በማቀዝቀዣ ይቀየርልኛል?" አልኩት። ሳቀ። የምሬን ነበር።

ሐምሌ 7

ኤርገሽ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ፣ በራሱ ጊዜ! በሬዲዮ ሰምቶ ነው።

"እትዬ፣ እውነት ነው?"

"ነው።"

"በቃ፣ ነጯን ባዝራ አርድልሻለሁ። መንደሩን በሙሉ ነው የምጠራው። እምቢ ካልሽ ጎትቼ ነው የማመጣሽ።"

"መምህርት ናት ስትላቸው አልነበረም እንዴ?"

"እሱን ተይው አሁን…"

ሰው "እህትህ ምን ትሠራለች?" ሲለው "ከተማ ታስተምራለች" ይላል። አስተምሬ አላውቅም። የሞተ ከብት ስገነጥል መዋሌ ያሳፍረዋል። በመንደሩ ስሜ "የበድን ዶክተር" ነው። እናቴ እንኳ ከእጄ ዳቦ ሳትቀበል ሞተች። የቱንም ያህል ብታጠብ።

ስልኩን ዘግቼ በጋዋኔ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ምን ነካኝ? ለሜዳሊያው አላለቀስኩም እኮ።

ሐምሌ 13

ዋና ከተማው ቢሽኬክ። ተሸለምኩ። ሹሙ የሜዳሊያውን መርፌ ከልብሴ አሳልፎ ሥጋዬ ላይ ሰካው። ደማሁ። "ዕድሜ ልካቸውን የእንስሳት ወዳጅ!" ብሎ አስጨበጨበልኝ።

የእንስሳት ወዳጅ? እኔ? በጥይት የጣልኳቸው፣ በመርፌ የገደልኳቸው፣ ጉድጓድ ሙሉ ከብት በቤንዚን ያቃጠልኩትስ? ከመሃላቸው የወደድኳቸው ነበሩ፣ አልዋሽም። የገደልኳቸው ሰው እንዳይሞት ነው። ያን ማንም አላነሳው። ሁሉም ወደ ምግቡ ሄደ።

ነገ መንደር ነኝ። አዲስ ጫማ ገዛሁ… በዚህ ዕድሜዬ።

ሐምሌ 15

ወረዳ ጤና ጣቢያ። ከንፈሬ ተሰፍቷል። መናገር አልችልም፤ ልጻፍ።

ትናንት መንደር ስደርስ ኤርገሽ ደጁ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ጎላ ጥዶ ጠበቀኝ። አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ሜዳሊያውን በጣቱ እየነካካ ለመጣው ሁሉ "የእኔ እህት! የእኔ እህት እኮ ናት!" ይላል። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እዚያው ብሞት እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ነጯ ባዝራ ግን እንደታሰረች ናት። ሚስቱን ጉልሱንን "ባዝራዋስ?" አልኳት።

"ተረፈች!" አለች እየሳቀች። "ጠዋት ወይፈኑ በድንገት ወደቀ። ሙቀቱ ይሆናል። በክት ሳይሆን ኤርገሽ በቢላ ደረሰለት። ለግብዣው ይበቃል ተባለ።"

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ደሙ ጥቁር ነው፣ ቀጭን፣ አልረጋም። ጣፊያው አብጦ፣ ስነካው እንደ ሬንጅ የሚቀልጥ… ማይክሮስኮፕ አላስፈለገኝም። ኤርገሽ ከኋላዬ መጣ። እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቧል። አውራ ጣቱን ቢላው ጭሮታል።

"አባ ሰንጋ ነው። ማንም እንዳይነካው። አንተም ሐኪም ቤት፣ አሁኑኑ!"

"እትዬ፣ ዛሬን እንኳ ሥራሽን ተይው።"

"ኤርገሽ!"

"ሰው እየሰማ ነው። ቀስ በይ፣ በፈጠረሽ።"

የመንደሩ ሽማግሌ፣ አባባ ካልመት፣ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። "ልጄ፣ እኛ ይህን ስንበላ ነው ያደግነው። ጠዋት ጉበቱን እሳት አሳይቼው በላሁት፤ ይኸው ቆሜያለሁ!" ሰው ሳቀ።

"ጉበቱን በልተዋል? እንግዲያው እርስዎም ከእሱ ጋር ሐኪም ቤት ይሂዱ!" አልኩ። የባሰ ሳቁ። አንዱ "የበድን ዶክተሯ ደግሞ የቁም ሰው ማከም ጀመረች?" አለ።

ለመንኩ። እምላለሁ፣ በልመና ነው የጀመርኩት። ከዚያ አንዲት ሴት ከጎላው የጅራቱን አጥንት አውጥታ ሳህን ላይ ስታስቀምጥ አየሁ። የእኔ ድርሻ ነው፣ የተከበረች ሴት ድርሻ። ልጆች ጎላውን ከበው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ልመናው እዚያ ላይ አለቀ። ልጆቹን በክርኔ ገፍትሬ አራቅኋቸው፣ መጥረቢያውን ከግንዱ ነቀልኩ፣ የጎላውን እግር መታሁ። ደጋግሜ መታሁ። ተገለበጠ። መረቁ ሳሩን ቀቀለው። ሴቶቹ ኡኡ አሉ።

ከኤርገሽ ሞተር ብስክሌት ሥር የነበረውን የቤንዚን ጀሪካን አንስቼ በተሰቀለው ሥጋ ላይ፣ በቆዳው ላይ፣ በደሙ ላይ ደፋሁት። ያኔ ነው አለንጋው ያረፈብኝ። መጀመሪያ ጀርባዬ ላይ፣ ቀጥሎ አፌ ላይ። ኤርገሽ ነው። በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። የሚመታኝ እያለቀሰ ነው።

"አዋረድሽኝ! በገዛ ድግስሽ አዋረድሽኝ!"

"ሊሞት የደረሰ ወይፈን ነው ያረድክልኝ!" አልኩት ደም እየተፋሁ። "ክብሬ ይሄ ነው?"

ከኋላ በድንጋይ ፈነከቱኝ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ክብሪቱን ጫርኩ። እሳቱ ቦግ ሲል ባዝራዋ ገመዷን በጥሳ ፈረጠጠች፤ ሰውም ፈረጠጠ። ኤርገሽ ሜዳሊያውን ከደረቴ ከነጨርቁ ገንጥሎ እሳቱ ውስጥ ወረወረው።

"ሂጂልኝ! እህት የለኝም!"

"እሺ፣ እጅህን ብቻ አሳየኝ።"

በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው።

ሐምሌ 16

ከጤና ጣቢያው ሰዎች ሥጋውን የነኩትን ሊያክሙ ወደ መንደሩ ሄደው ነበር። የአባባ ካልመት ልጆች በዱላ አባረሯቸው። ኤርገሽ ደግሞ ተራራ ወጥቷል አሏቸው። ሲሻው ይሙት! ሲሻው ይበስብስ!

አይ… አይሙት።

ሐምሌ 17

ጉልሱን ደወለች። ታንሾካሽካለች። "ጣቱ ላይ አረፋ ወጥቶ መሃሉ ጠቆረ። ክንዱ እስከ ትከሻው አብጧል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው ቢላ መዘዘብኝ፣ እትዬ።"

"ቁስሉ ያመዋል?"

"አያመኝም ነው የሚለው።"

አዎ፣ አያምም። እሱ ነው ሰውን የሚያታልለው።

ከነርሷ ጋር ሄድኩ። ተራራ አልወጣም፤ ጋጣው ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። መንሽ ደቀነብኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። "ቅረቢና እወጋሻለሁ!" አለ። ይወጋኛል ወይ? አዎ፣ ይወጋኝ ነበር። ታዲያ ወይፈን መጣል ማን ሊያስተምረኝ ነው? አንድ የተሰበረ ሳንቃ አንስቼ መንሹን መከትኩ። ጉልሱን ከኋላ ገመድ አጠለቀችበት። በደረቱ አዞርኩ፣ በወገቡ አዞርኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ዘጭ አለ። ደረቱ ላይ ተንበረከክሁ። ሰደበኝ፣ ረገመኝ፣ ክንዴን ነከሰኝ። ጉልሱን እግሮቹ ላይ ተኝታ ታለቅሳለች። ነርሷ መድኃኒቱን ወጋችው።

"ልትገድይኝ ነው" አለ።

"ዝም በል። ብዙ ገድያለሁ። አንተን አልገድልም።"

ወደ ሆስፒታል በሚወስደን መኪና ውስጥ ራሱን ጭኔ ላይ ጣለ። መንደሩን እንዳለፍን "እናታችን እኮ አልተጸየፈችሽም" አለኝ። "ሥራሽን እንድትተዪ ብላ ነው፤ በበሽታው እንዳትሞቺባት ትፈራ ነበር። ለእኔ ነግራኛለች።"

ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም? ለምንስ አሁን ነገረኝ?

ሐምሌ 18

አባባ ካልመት ሞቱ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ደም እያስመለሳቸው። ዛሬ ጠዋት ነው ያመጧቸው፣ ምንም ማድረግ በማይቻልበት ሰዓት።

ለምን እሳቸውንም በገመድ አልጣልኳቸውም? ግድግዳውን መታሁት፤ ጣቴ ሳይሰበር አልቀረም። ይሰበር።

ሐምሌ 20

የአባባ ካልመት ትልቁ ልጅ ባይሽ ሆስፒታል መጣ። ኮሪደሩ ላይ አንገቴን ይዞ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። "አንቺ ነሽ ያመጣሽብን! እግርሽ ደጃችንን ሲረግጥ ሰው ሞተብን!" ጥበቃዎቹ እስኪያላቅቁት ዓይኔ ጨልሞ ነበር።

ትንፋሼ ሲመለስ "ከዚያ ሥጋ የተረፈ ካላችሁ አቃጥሉት" አልኩት። ፊቴ ላይ ተፋ።

ነሐሴ 3

ኤርገሽ ከሆስፒታል ወጣ። ጣቱ ላይ ጥቁር ቅርፊት ቀርቷል፤ ጣቱ ግን ተርፎለታል። ወይፈኑ የተቃጠለበት ላይ ኖራ አፍስሰን አጠርነው። ችካሉን በደህናው እጁ መታ። እኔን አላስነካኝም።

"ሜዳሊያሽን ልፈልግልሽ?" አለ ዓይኔን ሳያይ።

"አመዱን ብትነካ መጥረቢያው አሁንም አለ።"

ሳቀ። ሲስቅ የከንፈሬን ጠባሳ አየና አቆመ። "አለንጋውን አቃጥዬዋለሁ" አለኝ። "ይሻልሃል" አልኩት። ሌላ ምን ልበል? አሁንም ተናድጃለሁ። ቂሜ አልበረደም። ግን ምሳ አብረን በላን።

አንድ ፈረሰኛ ሲያልፍ "እቺ መምህርቷ እህትህ ናት?" አለው።

"መምህርት አይደለችም" አለ ኤርገሽ። ችካሉን መምታት ቀጠለ።

ባዝራዋ ተመልሳለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አታነሳም። አልፈርድባትም።

ነሐሴ 11

ላቦራቶሪ። ማቀዝቀዣው እንደሞተ ነው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ።

"ባይሽ ነኝ።"

እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። "ምን ፈለግህ?"

"ላሜ ወድቃለች። ከአፍንጫዋ ደም…" ያለከልካል። ከኋላው ሰው ይጯጯሃል። "ሁሉም እረድ፣ እረድ ይለኛል። በክት ልትሆንብኝ ነው!"

"ስልኬን ማን ሰጠህ?"

"ኤርገሽ። ይኸው ላሟ ጋ ቆሟል፣ ሰዉን በመንሽ እየመለሰ። እህቴ ያረጀችው ለዚህ ነው፣ እሷን ሳትጠይቅ ብታርድ እገድልሃለሁ አለኝ።"

"ቢላው የት ነው?"

"እጄ ላይ።"

"ጣለው።"

አባቱን እያሰበ ይሁን፣ እኔን እየረገመ፣ አላውቅም። ከዚያ ብረት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

"ጣልኩት፣ ዶክተር።"

ቤንዚንና ኖራ አስጫንኩ። እየሄድኩ ነው።