አባባ የሰፉት ኮት የት አገር ተሠራ?

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለአባባ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ዓይንዎ ክር ከመርፌ ለማዋደድ አሁንም እሺ ይልዎታል ወይስ እህቴን ይጠራሉ? እማዬስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? ወይስ እንደ ልማዷ ደህና ነኝ ብላ ትሸፍጣለች? እኔን ከቀኝ ትከሻዬ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም የካውያው ጣጣ ነው።

አባባ፣ ልብ ይበሉ፤ ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሉ እንደ ሰካራም ቢንጋደድም የራሴ ነው። የማታ ትምህርት ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የእኛን ፊደል ጨርሼ የፈረንጁንም ይዣለሁ። በክፍላችን ካለነው ሃያ ሁለት ሰዎች አንደኛ ነኝ። መምህራችን በአፋቸው አላሉትም፤ ግን ከፊታቸው ላይ አነበብኩት። እህቴ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ ጎረቤትም ይስማ።

ሥራዬ ያው ልብስ መተኮስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ የሰው ኮትና ሸሚዝ አቃናለሁ። ድሮ ከአንገትጌ ስር የምትሰፋዋ መለያ ጨርቅ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ገልብጬ የት አገር እንደተሠራ ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ። «ይሄ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ያዙት!» ስላቸው ይስቃሉ። «አንገትጌ አንባቢው» የሚል ስም አውጥተውልኛል።

እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለአባባ ብቻ በቀስታ አንብቢላቸው። እስካሁን የለፈለፍኩት ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ መምህራችን ጽሑፍ ያለበት ነገር ከየቤታችሁ አምጥታችሁ አንብቡ አሉን። አንዱ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ አንዷ የሳሙና ካርቶን ይዘው መጡ። እኔ ማን ሆኜ ነው ካርቶን የምይዘው! ከእናንተ ተለይቼ ስነሳ የሰጡኝን ግራጫ ኮት ለብሼ ሄድኩ። «አባቴ ናቸው የሰፉልኝ» እያልኩ ስንቱን ሰው አሰልችቼበታለሁ። ኮቱንም ንባቤንም ባንድ ላይ ላሳይ ፈለግኩ። የራሴን አንገትጌ ግን እስከዚያ ቀን አንብቤው አላውቅም፤ የራሱን አንገትጌ ማን ገልብጦ ያያል?

አውልቄ ገለበጥኩት። ጽሑፉ ወደ ታች ስለዞረ ኮቱን ዘቅዝቄ ያዝኩት፤ ያኔ እንኳ ነገሩ አልከነከነኝም። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። አንድ ቃል አልሳትኩም። እገሌ አገር የተሠራ ነው ይላል። አገሩ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ከእኛ አንድ ክንድ ሙሉ ይርቃል።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ጭነት የሚያወርድ ጎረምሳ አለ፤ «ኧረ የአባትህ እጅ እንዴት ይረዝማል! እዚህ ቁጭ ብለው እዚያ ይሰፋሉ?» አለኝ። አባባ፣ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቀልዴን ነበር፣ በመጀመሪያ ደመወዜ ከትልቅ ሱቅ የገዛሁት ነው አልኩ። ይባስ ብዬም፣ «አባቴ እንዲህ ያለ ኮት ከየት ያመጣል?» አልኩ። በጉራዬ የሚስቁ ሁሉ የዚያን ዕለት ውሸቴን አመኑኝ።

ከጎኔ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት ልብስ ጠጋኝ አሉ፤ እማማ መነጽር እንላቸዋለን። ኮቱን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ሰው ሲወጣ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ይህች ጨርቅ ተዘቅዝቃ ነው የተሰፋችው። ፋብሪካ ጽሑፍ አይዘቀዝቅም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እጅ ነው። የቁልፉን ቀዳዳ ደግሞ እየው፤ በእጅ መርፌ፣ ሳይቸኩል። ለማን ደስ ይበለው ብለህ ነው አባትህን የካድከው?» አሉኝ። ኮቱን ከእጃቸው ተቀብዬ ሳልለብሰው ወጣሁ።

ያን የመለያ ጨርቅ ጥቅል ከገበያ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያስታውሳሉ። ከዚያ በፊት በሰፉት ኮት ሁሉ አንገትጌ ስር በቀይ ክር እንደ ዶሮ እግር ሦስት ስፌት ያደርጉ ነበር። እኔ ታላቁ አዋቂ፣ ቀይ ክሩ የመንደር ሥራ መሆኑን ያሳብቃል፣ የውጭ ጽሑፍ ከሌለበት ማን ይገዛል ብዬ ነዘነዝኩዎ። ጽሑፉ ምን እንደሚል እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ግቢ ርቄ ሄጄ አላውቅም፤ የት ሄጄ ሰፋሁት ልበል?» ብለው ጠየቁኝ። «ዝም ብለው ይስፉ» አልኩዎ። ዝም ብለው ሰፉ። ኮቶቹ ቶሎ ቶሎ ተሸጡ፤ ሰውም እኔን ጎበዝ አለኝ። ልነሳ ስል ለራሴም ኮት መለያዋ ትደረግልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ መለያዋን በምላጭ ፈታኋት፤ ልጥላት ነበር ሐሳቤ። ከስሯ ቀይ ክር ወጣ። ሦስቱ ስፌት። ፀሐይ ሳያየው ስለኖረ ዛሬ የተሰፋ ይመስላል። ስንት ደቂቃ እንዳየሁት አላውቅም፤ ካውያው ስር የተውኩት የሰው ሸሚዝ ጨሰ። አለቃዬ ጮኸብኝ፤ እውነቱን ነው።

ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ ተነስቼ መዋሸቴን ተናገርኩ፤ ክሩንም አሳየኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ጎረምሳው ግን ኮቱን አየት አድርጎ፣ «ለእኔስ ይሰፉልኛል?» አለ። እማማ መነጽር ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። ቢሆንም አባባ፣ ያች ቃል ከአፌ ወጥታለች፤ እንደ ስፌት በምላጭ ፈትቼ አላወጣት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀይ ክሩ በሁሉም ኮት መለያ ስር አለ ወይስ በእኔ ብቻ? በሁሉም ካለ፣ ያን ሁሉ ዘመን የራስዎን ሥራ በሰው አገር ስም ሸፍነው ሲሰፉ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ስስቅ ነበር ማለት ነው። በእኔ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ቀን ገልጦ ያየዋል ብለው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

እህቴ፣ አሁን የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። የተረፈው የመለያ ጥቅል ከመሳቢያው ካልወጣ አውጥተሽ ለአባባ ስጫቸው፤ የሚያደርጉትን እሳቸው ያውቃሉ። ቀዩን ክር ግን ከላይ አድርጊው።

ኮቱን ዛሬም ለብሼዋለሁ። መለያዋ የነበረችበት ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ቀርቷል፤ ብተኩሰው ብተኩሰው አልጠፋ አለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን እንዳይተው፤ ከተወ በንባብ እበልጠዋለሁ በሉት። ለአክስቴም ሰላምታዬ ይድረስ። ለአጎቴም እንደዚሁ፤ ያን «የውጭ ነው» እያለ የሚኮራበትን ኮት አንገትጌውን ፈታ አድርጎ ይየው። ቀይ ክር ካገኘ፣ እባካችሁ፣ ቶሎ ጻፉልኝ።

ልጅዎ፣ አንገትጌ አንባቢው
ከመተኮሻ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን