አስማቱን ያወጣሁበት ልብ ወለድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለልያ፣

የጌታ ሰላም እስከ ደጃችሁ፣ ከደጃችሁም እስከ ጓዳችሁ ይግባ። እንደምን ሰነበትሽ? የወገብሽ ነገር እንዴት ሆነ? ባለቤትሽን ባሮክን ያ ሳል ለቀቀው? ትንሿ ሲናስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ብቻ ነው የምትስቀው? አባባ በጉልበታቸው ምክንያት ከጉባኤ መቅረት ጀመሩ ሲባል ሰምቼ ከፍቶኛል፤ እሳቸው በዝናብም በጭቃም ከቤተ ክርስቲያን የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። እማማስ? እንሰት መፋቂያው ደርሶ እጇን እየጎዳች እንደሆነ ይታየኛል። እኛ ጌታ ይመስገን፣ ወንድማችን ሲሞንም እኔም በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት አውቄ ነው።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስመዘዛት ትይ ይሆናል። ስደውል እማማ ድምፁን ለጎረቤት ሁሉ እንደምትከፍተው ታውቂያለሽ፤ ይህ ደግሞ ለጎረቤት የሚሆን ወሬ አይደለም። ግራ ገብቶኛል ልያ። ከየት እንደምጀምር እንኳ ግራ ገብቶኛል፤ እስቲ ከመጋዘኑ ልጀምር።

ቡና ለቀማ ላይ እንደምሠራ ነግሬሻለሁ። ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። እጅ ይሠራል፣ ዓይንም ይሠራል፣ ጆሮ ግን ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዷ ታነብባለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። ያነበበችው እንዳትጎዳ ሁሉም ከለቀመው እያፈሰ ወደ እሷ ክምር ይጨምርላታል። ካቦአችን አቶ ዳባ መጀመሪያ «ሆጂ! ሆጂ!» እያሉ ይጮኹብን ነበር፣ ሥራ ሥራ ማለታቸው ነው። እጃችን እንደማይቆም ሲያዩ ተዉን፤ አሁንማ ራሳቸው ከኋላ ቆመው ያዳምጣሉ። ዘንድሮ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። የመዘምራን ድምፅ አለሽ ብለው ሲመርጡኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

የሚነበበው በቴሌግራም ክፍል በክፍል የሚለቀቅ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ልጅቷ የንጉሥ ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ ካሉት የጫካ ሰዎች ጋር መነጋገር በሕግ የተከለከለ ነው፣ እሷ ግን ከእነሱ አንዱን ትወዳለች። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደል። ችግሩ ሰውየው አስማተኛ መሆኑ ነው። እኔ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ዘምሬ፣ ሰኞ ስለ ድግምትና ስለ መስተፋቅር ጮክ ብዬ ላነብ? አባባ ቢሰሙ ምን ይላሉ? እምቢ እንዳልል ደግሞ አንዴ እሺ ብያለሁ፣ አፈርኩ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። አስማቱ በመጣ ቁጥር እየዘለልኩ በቦታው ሌላ ነገር አስገባሁ።

መጽሐፉ ሰውየው በነፋስ ላይ በረረ ሲል እኔ በበቅሎ መጣ አልኩ። ዋሻ ውስጥ የምትኖረውን ጠንቋይ ጸሎተኛ መበለት አደረግኳት። ከሁላችን የምትበልጥ፣ ነገር የማያመልጣት እትዬ እታገኝ የምትባል ሴት አለች፤ «ይቺ መበለት ቤት የላትም እንዴ? ዋሻ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ሱባዔ ገብታ ነው አልኳት። ያን ሁሉ አገር በአንድ አረፍተ ነገር የምታደርስ በቅሎ የት እንደምትሸጥም ጠየቀችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ።

ሰውየው የንጉሡን ልጅ መጀመሪያ ያገኛት ወንዝ ዳር ነው። መጽሐፉ እንደሚለው በቅል ብርዝ ሰጣት፣ ብርዙ ላይ ግን ድግምት ደግሞበት ነበር፤ ጠጣችና ወደደችው። እኔ ብርዙን አወጣሁት። ብዙ ቀን ጾሞ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ልቧን ወደ እሱ መለሰው ብዬ አነበብኩ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከጎኔ የምትቀመጠው ፊርዶስ እንባዋ ጠብ ሲል አየሁ።

ፊርዶስ የሄርማታ ሰፈር ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። ሥራ ስጀምር ማንም ሳያዛት አጠገቧ አስቀምጣ ያለማመደችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ወደ ጥግ ሳበችኝ። ከአጋሮ ነጋዴ ቤት ሽማግሌ ሊላክባት ነው፤ አባቷ ደስ ብሏቸዋል፤ ሰውየውም ክፉ አይደለም። እሷ ግን ሌላ ሰው ትወዳለች፣ ሃይማኖቱም የእሷ አይደለም። «ወላሂ ታቢታ፣ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ ይሄ ነገር ከሸይጣን ይሆን ብዬ። አንቺ ያነበብሽውን ስሰማ ግን ልቤ አረፈ። እኔም ዱዓ አድርጌ ነበር። የሷም የኔም ከፈጣሪ ነው» አለችኝ። መጨረሻውን ሰምታ የንጉሡ ልጅ ያደረገችውን እንደምታደርግም ነገረችኝ። ሰውየው ማን ነው አልኳት። አንገቷን ደፍታ «ወንድምሽ» አለች።

ልያ፣ ሲሞን! የኛው ሲሞን። በባጃጁ ጠዋት ማታ ሲያመላልሰኝ እኔ ሞኟ ወንድምነት ጠንቶበት መስሎኝ ስመርቀው ነበር። ፊርዶስን በመንገዳችን ነው እያለ ሄርማታ ሲያደርሳት፣ ቤቱ ቦሳ ኪቶ ለሆነ ሰው ሄርማታ በየት በኩል ነው መንገዱ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።

በዚያው ሰሞን የተለቀቀው ክፍል ጉድ ይዞ መጣ። ጠንቋይዋ የንጉሡን ልጅ ጠርታ፣ ይህ ፍቅር ያንቺ አይደለም፣ የጠጣሽው ብርዝ ነው ትላታለች። እያነበብኩ እዚያ ስደርስ አቋረጥኩ። የቱ ብርዝ? እኔ ባነበብኩት ውስጥ ብርዝ የለም። ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። አስማቱን አወጣሁ ብዬ ማታለሉን ተአምር አድርጌዋለሁ። ፊርዶስም ልቧን ያሳረፈችው በመጽሐፉ ሳይሆን በእኔ ፈጠራ ነው።

የሴቶች ጸሎት መሪያችንን እትዬ ብርሃንነሽን ነገሩን ሳልገልጥ ጠየቅኳት። አንድ ሰው ሌላው እንዲወደው ቢጸልይና ቢወደው፣ ያ ፍቅር የራሱ የሰውየው ነው ወይ አልኳት። አተኩራ አየችኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ቀጥሎ በተሰበሰብን ጊዜ «እህታችን ታቢታ ትዳር ፈልጋለች» ብላ ሁሉንም አስጸለየችልኝ። ጥያቄዬ እንዳለ ቀረ፣ በላዩ አሁን አንድ ባል የሚጠበቅልኝ ሴት ሆኛለሁ።

እውነቱን ልንገራት ስል ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ብነግራት ትፈራለች፤ ከፈራች የአጋሮውን ትቀበላለች፤ ከተቀበለች አባባ ምንም ሳይሰሙ ነገሩ ያልፋል። የስንቱን ሰው ልጅ ጋብቻ መርቀው ያስጀመሩ ሽማግሌ በራሳቸው ልጅ አንገታቸውን አይደፉም። ታዲያ እውነቱን የምናገረው ለፊርዶስ ብዬ ነው ወይስ ለአባባ? ጸለይኩ፣ መልስ የመሰለኝ ሁሉ የራሴ ሐሳብ ሆነብኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጅቷ ዕድሜዋን በሙሉ እኔ በፈጠርኩት ጸሎት ላይ ልትጥል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በተቀመጡበት፣ ብርዙንም ሳልደብቅ፣ ተናዘዝኩ። እትዬ እታገኝ «በቅሎዋ ድሮም አልተዋጠችልኝም!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አቶ ዳባ ግን ተቀየሙኝ፤ ለካ ቤታቸው ሲገቡ ለሚስታቸው ሲተርኩላቸው ከርመው ኖሯል፣ አሁን ምን ልበላት አሉኝ። ፊርዶስ ለቀማዋን ቀጠለች። ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ጋር ስትጥል አይቼ እጇን ያዝኩት። ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ በባጃጁ አልሄድም አለች። ሲሞን የአቮካዶ ጁስ ገዝቶ በር ላይ ቢሰጣት አልጠማኝም ብላ መለሰችለት። ጁሱን ፈራችው ልያ! ጎመን ግዛ ሲባል ቆስጣ ይዞ የሚመጣ፣ ቅጠል ከቅጠል የማይለይ ልጅ መድኃኒት ያደርግብኛል ተብሎ ተፈራ። ቤት ገብቶ ምን አደረግኳት ይለኛል። እህል አይቀምስም። እሱ ምንም አላደረገም፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ የፈራሁት ነገር ራሱ ተበጠሰልኝ። ግን አላለኝም። ግድግዳውን ይዞ ተኝቶ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

መጽሐፉ ይገላግለኛል ብዬ ጠበቅኩ። የንጉሡ ልጅ ድግምቱ ይፈታላታል፣ ወንዙ ዳር ቆማ ሰውየውን ታየዋለች፣ አሁንም ትወደው እንደሆነ ራሷም አታውቅም። እዚያ ላይ ቆመ። ጸሐፊው ቀጣዩን ክፍል አልለቀቀም። ሴቶቹ «አንቺው ጨርሺልን፣ ለመፍጠር እንደሆነ አታንሺም» አሉኝ። ከእንግዲህ አልጨምርም አልቀንስም ብዬ ስልኩን ለሌላ ሰጠሁ።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ፊርዶስ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ማሎ ታቢታ» አለችኝ፣ እባክሽ ማለቷ ነው፤ «መጽሐፉን ተዪው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እናንተ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት። ወንድምሽ ከልቡ ይወደኛል? ሌላ ሰው አልጠይቅም፣ አንቺ ያልሽውን አምናለሁ።» ያን ያህል ዋሽቻት እንዴት እንደገና እኔን እንደምታምን አልገባኝም። አላውቅም ብላት ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። አባባ በዓይኔ መጡ፣ እማማም መጣች። አይቻቸው የማላውቃቸው የፊርዶስ አባትም መጡብኝ፤ እሳቸውም እንደኛው ሰው ፊት የሚቆሙ አባት ናቸው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ይወድሻል፣ እህል ትቷል» የሚል ነው። እውነት ስለሆነ ነው ያልኩት? ስላሳዘነችኝ ነው? ወይስ የበደልኳትን ለመካስ? እስካሁን አላውቅም። እሷ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም ምን እንደሚያስለቅሰኝ ሳላውቅ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ ፊርዶስ ሥራ አልገባችም። ሲሞን ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ታጠበና የእኔን ድርሻ ጨምሮ ቁርሱን በላ። ቅዳሜ አገር ቤት ሄጄ አባባን ራሴ አነጋግራቸዋለሁ አለኝ። ብቻህን ነው የምትሄደው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ስለዚህ ብቻውን ይምጣ ከሰው ጋር ይምጣ አላውቅም። ደብዳቤው እንዲቀድመው ነገ ወደ እናንተ በሚመጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እጅ እልከዋለሁ። ለአባባ ምኑን አንብበሽ ምኑን እንደምትተዪ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እየዘለሉ ማንበብ ምን እንደሚያመጣ ግን እኔን አይተሽ ተማሪ። አባባ ይቆጡ እንደሆነ፣ ቁጣው መጀመሪያ በእኔ ላይ ይሁን በያቸው።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እማማን አንገቷ ሥር አድርገሽ ሳሚልኝ፣ እጇንም ቅቤ ቀቢልኝ። ባሮክ ሳሉን በዝንጅብል ይያዘው፣ ሰላም በይልኝ። ሲናን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚያት፣ አክስትሽ ነገረ ሥራዋ ቢጠፋባትም አንቺን አልረሳችም በያት። ሲሞንም ሰላም ብሏችኋል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ልጄ መጣ ብላ እማማ ዶሮ ለማሳረድ መነሳቷ አይቀርም። ቅዳሜ እንዳይታረድ። ቆጮው፣ አይቡና ጎመኑ ይበቃል፤ ፊርዶስ እኛ ያረድነውን አትበላም። ብቻውን ከመጣ ዶሮው እሑድ ይታረድለታል።

የምትወድሽ እህትሽ ታቢታ
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.