ኳሱ እስኪቆም

ሰኞ

አሰልጣኝ ጎበዙን ተጫዋች ለምን ያስወጣል? ተማሪ ሳለሁ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ስንቴ ጮኼበታለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። በልምምድ ጨዋታው ወለላን አስወጥቼ ትርንጎን ሳስገባ የኮሌጃችን ዲን ከአጥሩ ሥር፣ "አንተ ልጅ፣ ረቡዕም እንዲህ ልታደርግ ነው?" አለኝ። ረቡዕ ከወልድያ የሚመጣ የሴቶች ቡድን እንገጥማለን። የመጀመሪያ ጨዋታዬ ነው። ከተመረቅሁ ዓመት ሳይሞላኝ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ! አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

አዲስ ሕግ አወጣሁ። የደከማት እጇን ራሷ ላይ ታድርግ፤ ወዲያው እቀይራታለሁ። አንዲትም አላደረገችም። ትርንጎ፣ "ኮች፣ በላስታ ደከመኝ ያለች ባል አታገኝም" ብላ አሳቀችን። ወለላ ብቻ አልሳቀችም።

የነነዌ ጾም ዛሬ ገባ። እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሁላችንም ያው ነን ብዬ ልምምዱንም የረቡዕንም ጨዋታ ዐሥር ሰዓት አስደረግሁ፤ በልተው፣ ጠጥተው እንዲመጡ። ትንሽ ድል ናት።

ማክሰኞ

ወለላ ዛሬ እግሯ ከብዷል። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል በእግሯ መጥታም ቢሆን ሁሌ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። ዛሬ የመጨረሻዋ ሆነች። ውሃ ስሰጣት ፊቷን ታጠበችበት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ነፋሱ ነው አልኩ።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም፣ ኮች።"

ትናንት ስላስወጣኋት አኩርፋለች ብዬ ደመደምኩ።

ወደ ቤት ስሄድ ትርንጎ ተከተለችኝ። "ነገ በእሷ ቦታ እኔን አሰልፈኝ።"

"ቦታዋን ፈለግሽው?"

"እንደሱ ካሰብክ እንደሱ ይሁን። የሰው ምስጢር ከእኔ አፍ አይወጣም።"

ጥላኝ ሄደች። ቅናት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ግን አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። አልነሣ ብሎኛል።

ረቡዕ

ሆስፒታል ነኝ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እስከ ዕረፍት እየመራን ነበር። ከዕረፍት መልስ ወለላ ኳስ ይዛ ወደ ራሳችን ቅርጫት ሮጠች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። "ወለላ፣ ቤትሽ ጠፋሽ እንዴ!" እኔ ሳቄ አልመጣም። ትርንጎን አስነሣሁ። ወለላ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች፤ አልወጣም ማለቷ ነው። ሕዝቡ "ወለላ! ወለላ!" ይላል። ዲኑ ከኋላዬ፣ "እንዳትነካት!" ይላል።

ትርንጎን መልሼ አስቀመጥኳት። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ትከሻዋን ተጭኜ።

ያኔ እጄን ያዘችው። "ኮች፣ ከእሑድ ማታ ወዲህ እህልም ውሃም አልቀመሰችም። ሦስቱንም ቀን እያከፈለች ነው። ጾም ከተነገረ ዋጋው ይቀራል ብላ አስምላኛለች።"

ቅያሬ የሚፈቀደው ኳስ ሲቆም ነው። ትርንጎን ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ገፋኋት። ኳሱ አልቆም አለ። ወዲህ ይመጣል፣ ወዲያ ይሄዳል። ከመስመሩ አይወጣም፣ ጥፋት የለም፣ ምንም የለም። እኔ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ፊሽካ እጠብቃለሁ። ሕግ አክባሪው እኔ!

ወለላ መሀል ሜዳ ላይ ቆመች። እጇን ወደ ራሷ አነሣች። አላደረሰችውም።

ፊሽካው የተነፋው ሲሚንቶው ላይ ከወደቀች በኋላ ነው።

አባቷ መሪጌታ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። "አባቴ፣ እኔ ነኝ ያላስወጣኋት" አልኳቸው።

"ከእኔም ደብቃ ነበር፣ ልጄ።" ወደተኛችበት ክፍል ዞሩና፣ "በነነዌ እንስሳውም ጾሟል። ጾሞ ያረሰ በሬ ግን አልተጻፈም" አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

ሐሙስ

ጾሙ ተፈታ። ከየቤቱ የሥጋ ሽታ ይመጣል፤ እኔ አልበላልኝ አለ።

ወለላ ዓይኗን ገልጣለች። አባቷን አውቃቸዋለች። ሐኪሙ ግን ፊቱ አልተፈታም። ሽንቷን እየጠበቀ ነው፤ እስከ ነገ ካልመጣ ወደ ደሴ ይልኳታል። "ኩላሊት" የምትለዋን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገራት።

ዲኑ ደወለ። መጀመሪያ ስለ እሷ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ስለ ቅዳሜው የመልስ ጨዋታ። "ሁሉም በተራ ይገባሉ፣ በተራ ይወጣሉ። ለመውጣት እጅ የምታነሣ አትኖርም" አልኩት። "ብንሸነፍስ?" አለኝ። "እንሸነፋለን" አልኩት። ዘጋው። ይህ ሥራ ይቆይልኝ እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ ተሰለፊ ብላት ትርንጎም እንቢ ብላለች። "በወለላ ቦታ አልቆምም። እሷ ትምጣና ራሷ ትልቀቅልኝ።"

ለወለላ በስልኳ ጻፍኩላት። መድረሱን ያሳያል፤ አልተከፈተም። እንዲህ ነው ያልኳት፦

"ለምን እንደጾምሽ አልጠይቅሽም። እሱ የአንቺ ነው። ቦታሽ ግን ባዶ ነው፣ የሚቆምበት ጠፍቷል። ስልኩ አጠገብሽ ካለ አንዲት ፊደል ላኪልኝ። 'ሀ' ብቻም ትበቃኛለች።"