ሳሊምን ለማስቀረት የከፈልኩት

መጋቢት ፫፣ ጧት
ዛሬም ጠበቃው ዘንድ። ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ሆቴል ተቀምጦ ነው ባለጉዳይ የሚያነጋግረው። ስሄድ ሦስተኛዬ። እግሬ አብጧል፣ ደብተሬ።
ባሌ ሳሊም የመን ነው የተወለደው። በጣሊያን ጊዜ መጥቶ ሄርማታ ሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ ፀጉሩ እዚሁ ሸበተ። የመኖሪያ ፈቃዱን ማሳደስ ግን ረሳ። ምስማር በፍሬ ቆጥሮ የሚሸጥ ሰው ይህን ይረሳል! አሁን ፖሊስ ወሩ ሳያልቅ አገር ለቀህ ውጣ ብሎታል።
ጠበቃው ግማሹን ዋጋ አሁን፣ ግማሹን ፈቃዱ ሲወጣ ይላል። የአ.አ. መመላለሻ ለብቻ። ውሉን በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ስጀምር ሰዓቱን አየ።
«እሜቴ፣ እስኪመሽ ሊያነቡት ነው?»
አፈርኩ። ፊደል የቆጠርኩት አምና ነው። ሳልጨርስ ፈረምኩ።

መጋቢት ፮
አጋሮ። የቡና መሬታችን አብቧል፣ ነጭ በነጭ። አባ ጭብሳ የሚባለው ቡና ነጋዴ ዞር ዞር ብሎ አየና ዋጋ ጠራ። ቡናውን ገና በአበባው የሚሸጥ የጨነቀው ሰው ብቻ ነው። እሱም ያውቃል።
«ኤዬ ራህማ! በአበባ የሚሸጡትን ስትሰድቢ አልነበር?»
የቀሩህን ሁለት ጥርሶች ብርድ እንዳይመታብህ፣ አፍህን ግጠም አልኩት። ግን ሸጥኩለት። የዓመት ጉሮሯችን ሄደ።

መጋቢት ፲፪፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት
ጠበቃው ገንዘቡን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ነው የሚስትነት ማስረጃ ያምጡ ያለኝ። ሚስቱ ኢትዮጵያዊት ናት ብሎ ነው የሚለምንለት። ኒካህ ያሰሩልን ሼህ ሞተዋል። ምስክሮቹም ሞተዋል። ስሜ ያለበት ወረቀት የመሬቱ ብቻ ነው፤ እሱን ሰጠሁት። አነበበ። ወደ እኔ አዞረው። በጣቴ ተከተልኩ።
ባል የሌላት።
ትዝ አለኝ። የውጭ አገር ሰው መሬት መግዛት አይችልም። በሳሊም ገንዘብ ስንገዛ በእኔ ስም አደረግነው፤ የባሏ ነው እንዳይሉን ባል የለኝም ብዬ ማልኩ። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። እየሳቅን ወደ ቤት ሄድን። ያን ጊዜ ብዙ የዐረብ ሚስት እንዲሁ ታደርግ ነበር። ብልጦች ነበርን!
አሁን ሚስቱ ነኝ ካልኩ በሐሰት ምያለሁ፤ መሬቱ ይወሰዳል። ካላልኩ ሳሊም ለእኔ ባዕድ ነው።
የከፈልኩትስ? ውሉን አሳየኝ። ያላነበብኩት መስመር። ቢሳካም ባይሳካም አይመለስም። ሚስትነቴን ማስመስከር ደግሞ ሌላ ጉዳይ፣ ሌላ ዋጋ።

መጋቢት ፲፫
ለሳሊም ነገርኩት። ምስማር እየለየ ሰማኝ። መሬቱ ለልጆቻችን ይቅር አለ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። አፈር የትም አለ።»
ሰደብኩት። የመን ማን አለህ አልኩት። ትልቁን ምስማር ከትንሹ ደባለቀው። ምሳ ሳንበላ ዋልን።

መጋቢት ፳
ሻንጣውን አወረደ። አቧራውን ጠረገ። ሁለት ሽርጥ፣ አንድ ኮት ከተተ። ለጎረቤት ሁሉ ኢንሻአላህ እመለሳለሁ ይላል። ለእኔ አይልም።

መጋቢት ፳፩፣ ጧት ፩ ሰዓት
ጠበቃው ዘንድ አልሄድም። የምሰጠው የለኝም። ማመልከቻውን እኔው ጽፌ ፈቃዱን የሚሰጠው ጽ/ቤት ድረስ እወስዳለሁ። መሬቱ ይሄዳል። አባ ጭብሳ የአበባዬን ዋጋ ክፈይ ብሎ ደጄ ይቆማል። ሳሊምም ላይቀር ይችላል፤ ሁለቱንም አጥቼ እመለስ ይሆናል። ይሁን። ባል የላትም የሚለው ላይ ጣቴ አለበት። ይሄኛው ላይ ስሜ ይኖርበታል። እዚህ ልሞክረውና በንጹሕ ወረቀት እገለብጠዋለሁ።
እኔ ራህማ አባ ጊሳ ባለ ትዳር ነኝ። ባሌ ሳሊም ይባላል። ያን ጊዜ የማልኩት ሐሰት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የለበትም።